ያልተጠጣው መድኃኒት

አንድ መድኃኒት አብቃይ በቻይና ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ይኖር ነበር። ስሙ ዌይሻን ይባላል። የሚኖርበት ቦታ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ የማይገፈፍ፣ መሬቱም ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የማያጣው ነው። እህል እዚያ አይሰምርም። አንድ ተክል ግን ያን ብርድና ያን ጭጋግ ይወዳል፤ ዳንግጉዊ ይሉታል። ከላይ ሲያዩት ቅጠሉ ከድንብላል ብዙም አይለይም፤ ሀብቱ ያለው ከመሬት በታች ነው። ወፍራሙ ሥር ወደ ታች ሲወርድ ተከፋፍሎ የፈረስ ጭራ ይመስላል። ከውጭ ቡናማ ነው፤ ሲቆርጡት ግን ውስጡ ቅቤ የመሰለ ነው። ሽታው ጣፋጭም መራራም ሲሆን፣ አንዴ የገባበትን ልብስ በቀላሉ አይለቅም።

የአገሩ ሰዎች ይህን ሥር የደም መድኃኒት ይሉታል። ደም ያነሳት፣ ፊቷ የገረጣ፣ እጅ እግሯ የሚቀዘቅዝባት ሴት ቀቅላ ትጠጣዋለች። አራስ ደግሞ በዝንጅብልና በበግ ሥጋ ተሠርቶላት መረቁን ትጎነጫለች። የሥሩ ራስ፣ አካሉና ጭራው ሥራቸው ይለያያል ይላሉ፤ ራሱ የሚፈሰውን ደም ያቆማል፣ አካሉ የጎደለውን ይሞላል፣ ጭራው የረጋውን ያንቀሳቅሳል። ላረገዘች ሴት እንዳይሰጥም አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ዌይሻን ይህን ሁሉ ከአባቱ ተምሯል። የእሱ ማሳ ሥር በወንዙ ዳር ባሉ ከተሞች ሁሉ ይታወቅ ነበር።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ሊያንሩ ገና ድክ ድክ በምትልበት ዕድሜ ነው። ዌይሻን ሌላ ሴት አላገባም። ልጁን በማሳው ጠርዝ አስቀምጦ እየቆፈረ፣ ሥሩን በሚያደርቅበት ጎጆ አስተኝቶ እሳት እየቆሰቆሰ አሳደጋት። ከፍ ስትል የሥራ ጓደኛው ሆነች። መኸር ሲደርስ አባት ሥሩን ከአፈር አውጥቶ ያጠወልገዋል፤ ከዚያ በለጋ የአኻያ ቅርንጫፍ ጠፍሮ ይጠቀልለዋል። ጥቅሉን ሲጨርስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ወደ ግራው ይወረውረዋል። ሊያንሩ እዚያ ቆማ ትቀልበውና ከጣሪያው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ትሰቅለዋለች። ከታች እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ እየጨሰ ሥሩን ያደርቀዋል። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ብዙ አያወሩም። ማውራት አያስፈልጋቸውም ነበር።

አንድ ዓመት ከወንዙ ዳር አንድ ወጣት ሥር ሊጭን መጣ። ሱዎ ይባላል። ሥራው እንደ አቅማዳ የተነፉ የበግ ቆዳዎችን ከእንጨት በታች አስሮ በዚያ ላይ ሱፍና መድኃኒት ጭኖ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ነው። ሳቂታ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ በገመድ የተላጠ። በማግስቱ ይሄዳል የተባለው ሰው ሰንብቶ ሄደ። ከዚያም ምንም የሚጭነው ሳይኖር ተመልሶ መጣ።

«አባዬ» አለች ሊያንሩ አንድ ቀን ከማድረቂያው ጎጆ በር ላይ ቆማ፤ «ሱዎ ሊያገባኝ ይፈልጋል። እኔም ፈልጌዋለሁ።»

«ውኃ ላይ የሚውል ሰው ቤት የለውም» አለ ዌይሻን።

«ቤት አለው። ወንዙ ዳር ነው።»

«ሩቅ ነው።»

«ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ዌይሻን ልቡ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ አንቺ እንዴት እኖራለሁ የሚል። ነገር ግን ይህን ለልጁ መናገር ልመና መሰለው። ልመና ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ከወረድሽ ወርደሻል። እዚህ ደጅ ተመልሰሽ እንዳትመጪ። እኔም አንቺ ደጅ አልደርስም።»

ሊያንሩ የሄደች ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ከማድረቂያው ጎጆ አልወጣም፤ ጎንበስ ብሎ እሳቱን ይቆሰቁስ ነበር። እሳቱ መቆስቆስ አላስፈለገውም። የእግሯ ኮቴ ቁልቁለቱን ይዞ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየ፤ ጭሱ ነው እያለ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

በተከታዩ መኸር ዌይሻን ብቻውን ማሳውን ቆፈረ። ሥሩን ጠፍሮ ጥቅሉን ወደ ግራው ወረወረው። ጥቅሉ መሬት ላይ ዱብ አለ። ድምፁን ሲሰማ እጁ ባለበት ቀረ። ተነሥቶ አነሣው፣ አፈሩን አራገፈ፣ ሰቀለው። ሌላ ጠቀለለ። እሱንም ወረወረው። እንዲህ እየሆነ መኸሩ አለቀ። ሊቆጣ ሞከረ፤ ቁጣው ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄዶ ከበታቹ ናፍቆት ብቻ ቀረ። ተራራው ጫፍ ላይ ጭጋጉ ገለጥ ሲል ወንዙ እንደ ክር ይታያል። ሥራ ፈትቶ ቆሞ የማያውቅ ሰው ያን ክር ቆሞ ማየት ለመደ።

ከከተማ የሚመጣለት ሲራራ ነጋዴ ሃኦሚን የሚባል የረጅም ዘመን ወዳጁ ነበር። አንድ መኸር ሃኦሚን በቅሎዎቹን ሳያራግፍ ወደ ዌይሻን ቀረበ።

«ልጅህ ወለደች። ሴት ናት» አለው።

ዌይሻን የአንዷን በቅሎ ጭነት መፍታት ጀመረ።

«ግን አልቀናትም። ብዙ ደም ፈሰሳት። ሕፃኗ ደህና ናት፤ እናቲቱ ግን ከመደብ መነሣት አቅቷታል። ፊቷ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።»

ዌይሻን ወደ ጎጆው ገባ። የሰቀላቸውን ጥቅሎች አንድ በአንድ አወረደ፣ አሸተተ፣ በመዳፉ አንሥቶ ክብደታቸውን ለካ። ያመቱን ምርጥ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወጣና ለሃኦሚን ሰጠው።

«ምን ብዬ ልስጣት?» አለ ሃኦሚን።

«አሠራሩን ታውቀዋለች።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። አባትሽ ምን አለሽ ልበላት?»

«ሥሩን ስጣት» አለና ፊቱን አዞረ።

መንገዱን በረዶ የዘጋበት ያ ክረምት ለዌይሻን የማያልቅ ሆነበት። መንገዱ ሲከፈትና ሃኦሚን ሲመጣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠው «እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ያው ናት። ትነሣለች፣ ትንሽ ተራምዳ ትቀመጣለች። ይደክማታል።»

«ሥሩን ሰጥተሃታል?»

«በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ደረቷ ላይ ይዛው ብዙ ቆየች።»

ዌይሻን ጥፋቱን ከሥሩ ላይ አደረገ። መሬቱ ደክሞ ይሆናል አለ። በዚያ ዕድሜው ከማሳው በላይ፣ ብርዱ ወደሚበረታበት የተራራው ትከሻ ወጥቶ ድንጋይ እየፈነቀለ አዲስ መሬት ከፈተ። ከዚያ ያገኘው ሥር የበለጠ ወፍራም፣ ሽታውም የበለጠ ኃይለኛ ሆነ። ሁሉንም ለልጁ ላከ። መልሱ ግን አልተለወጠም። በሌላው ዓመት ጭሱን ቀየረ፤ ማድረቂያው ዘንድ ሌት ተቀን ተቀምጦ እሳቱን ራሱ ጠበቀ። ላከ። አሁንም ያው ናት ተባለ። እንዲያውም ሃኦሚን አንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘንድሮ ጭራሽ ከስታለች» አለው።

«በዝንጅብል ነው የምትሠራው? በበግ ሥጋ? እሳቱ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ይህን ንገራት።»

ሃኦሚን የበቅሎውን ልጓም ለቀቀና ትክ ብሎ አየው።

«ስማኝ፣ ወዳጄ። በሄድኩ ቁጥር ቤቷ ገና ሳልገባ ‹አባቴ ጠየቀኝ?› ትለኛለች። ‹እንዴት ናት ብሎ ጠየቀሽ› ስላት ፊቷ ይበራል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህን መልእክት ማመላለስ ደከመኝ። ዳንግጉዊ የሚለው የሥርህ ስም ትርጉሙ ‹ሊመለስ የሚገባው› አይደለም እንዴ? ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይህን ስም እየጠራ እንዴት አንድ ቀን አይሰማውም?»

«አልደርስም ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያልከው?»

ዌይሻን ወደ ማሳው ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር ሊጀመር ሲል ከጋራው ማዶ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ሽቅብ መጣች። ጉንጮቿ ከዳገቱ የተነሣ ቀልተዋል፤ ትንፋሿ ግን ሙሉ ነበር። ዌይሻን አላስታወሳትም።

«አምና የመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ወልጄ አልነሣ ብዬ ባሌ ደግፎ ነበር ያመጣኝ። እርስዎ ጥሩው ሥር አልቋል ብለው ከወለሉ የተጠረገውን ስብርባሪ ሰጡኝ። እንዳሉኝ በዝንጅብል ቀቅዬ ጠጣሁት። ይኸው ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁ። ልጄን ላሳይዎ ብዬ ነው።»

ዌይሻን ሴቲቱን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከታት።  ከወለል የተጠረገ ስብርባሪ የባዕድ ልጅ ካቆመ፣ የተራራው ምርጥ ሥር የራሱን ልጅ ለምን አላቆማትም? ሴቲቱ ከሄደች በኋላ ማሳው ዳር ተቀመጠ። ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል፤ ሥሩ መውጣት አለበት። ውርጭ እየመጣ ነው።

ሃኦሚን ሲደርስ ዌይሻንን ካባውን ደርቦ ደጅ ቆሞ አገኘው። በብብቱ ውስጥ ጥቂት ሥር በጨርቅ አድርጎ ይዟል።

«ማሳህስ?» አለ ሃኦሚን ዓይኑን ወዳልተነካው መሬት ወርውሮ።

«ይቆይ።»

«አሁን ካላወጣኸው በረዶው ይዘጋብሃል። የዓመት ልፋትህ ነው።»

«አውቃለሁ። የምሄደው ሥሩ ለምን እንዳልሠራ ለማየት ነው።»

ሃኦሚን የምትረጋጋዋን በቅሎ መርጦ ጫነለት።

መንገዱ ቁልቁል ነው። ብርዱ እየለዘበ፣ ጭጋጉ እየሳሳ፣ ዌይሻን የማያውቃቸው ዛፎች እየበዙ ሄዱ። ወንዙን ከላይ ሲያየው የኖረ ሰው ሲቀርበው ድምፁ አስደነገጠው። ልጄ ከዚህ ድምፅ አጠገብ ነው የምትተኛው ብሎ አሰበ። የሱዎ ቤት ከውኃው ከፍ ብሎ ነበር፤ ደጁ ላይ የተነፉ የበግ ቆዳዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ በሩ ላይ ተቀምጣ በጠጠር ትጫወታለች። ዌይሻንን አየችው። ተነሥታ ቀረበችና የካባውን ጫፍ ይዛ አሸተተች።

«እንደ እማዬ ሳጥን ትሸታለህ» አለችው።

«ሳጥኗ ውስጥ ምን አለ?»

«የአያቴ ሥር። አይነካም። እማዬ ብቻ ናት የምትከፍተው። ታሸተውና ትዘጋዋለች።»

ዌይሻን በሩን ተደግፎ ገባ።

ሊያንሩ ከታቹ እሳት በሚነድበት የጡብ መደብ ላይ ተጋድማ ነበር። እጇ ከብርድ ልብሱ በላይ ወጥቷል፤ ጥቅል እንደ ዋዛ የሚቀልብ የነበረው እጅ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኗል። ዌይሻን ፊቷን ለማየት አልደፈረም። በግድግዳው ጥግ ወዳለው ሳጥን ሄዶ ክዳኑን አነሣ። የተራራው ሽታ ፊቱን መታው። ከታች እስከ ላይ ጥቅሎቹ ተደርድረዋል። ቋጠሮው የራሱ ነው፤ አንዱም አልተፈታም። የታችኞቹን ነቀዝ በልቷቸዋል።

«አባዬ?» አለች ከኋላው። ድምፅዋ ሕልም የሚያይ ሰው ድምፅ ነበር።

ዞረ። በንዴት ነደደ።

«ምን ነካሽ? ምን አደረግሁሽ? ልትሞቺ እኮ ነው! ድንጋይ ፈንቅዬ፣ እሳት ላይ አድሬ የላክሁትን፣ አሠራሩን ከእኔ እኩል የምታውቂውን መድኃኒት ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ…»

ሊያንሩ አላለቀሰችም። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ከጠጣሁት ያልቃል» አለች። «ሽታው ቤቴ ነው። የእኛን ጎጆ፣ የአንተን እጅ ነው የሚሸተው። የመጀመሪያውን ለዚያ አስቀመጥሁት፤ ትንሽ ላቆየው ብዬ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረውን…» አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሃኦሚን በመጣ ቁጥር ‹አባትሽ እንዴት ናት ብሎ ጠይቋል› ይለኛል። አባዬ፣ ስታመም ነው የጠየቅኸኝ። ደህና ሆኜ ስኖር ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ከዳንኩ ምን ብለህ ትጠይቃለህ? ከዳንኩ ሥሩ ይቀራል። ሥሩ ከቀረ ከአንተ ምን ይቀረኛል?»

ዌይሻን  መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጇን አነሣና በሁለት መዳፉ መካከል አደረገው። እጇ እንደ በረዶ ነበር።

«ቢላዋ የት ነው?» አለ በመጨረሻ። «ዝንጅብል አላችሁ?»

ሱዎ ከወንዝ ሲመለስ አማቱን ምድጃው ላይ አጎንብሶ አገኘው። የሆነውን ሲሰማ ውጭ ወጥቶ ቆዳዎቹ መሃል ተቀመጠ። «ጠጣሁ ትለኝ ነበር» አለ ሱዎ፣ ዌይሻን ተከትሎት ሲወጣ። «ውኃ ላይ ስለምውል አምኛት ሄድኩ። እርስዎ ዘንድ መጥቼ እግርዎ ላይ ብወድቅ ኖሮ እኮ… ፈራሁዎት።»

«የሚያስፈራ ሰው ሆኜ የኖርሁት እኔ ነኝ» አለ ዌይሻን። «አንተን ምን ልበል?» ከጎኑም ተቀመጠ። ሁለቱ እስኪመሽ ወንዙን ሲያዩ ቆዩ።

ዌይሻን ክረምቱን እዚያው ከረመ። ነቀዝ የበላውን ሥር ጣለ፤ ደህናውን እየቆረጠ፣ በበግ ሥጋና በዝንጅብል በለዘበ እሳት እያንተከተከ መረቁን በማንኪያ አጠጣት። ለውጡ ወዲያው አልመጣም። ደህና ሆነች ሲባል የምትተኛበት፣ ተኝታለች ሲባል ራሷ ተነሥታ ውኃ የምትጠጣበት ቀን ነበር። የልጅ ልጁ ፒንግ አያቷን ለመደችው፤ ካባው ውስጥ ገብታ ትተኛለች። አባትና ልጅ የቀረባቸውን ዓመት ሁሉ ሊያወሩት ይጀምሩና መሃል ላይ ይተዉታል። የሊያንሩ ሠርግ ምን ይመስል እንደነበር አወቀ። ፒንግ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል ምን እንደነበር ተነገረው። ሲሰማው ሳቀ፤ ሌሊት ግን ሌላ ሰው የነገረውን ሳይሆን ራሱ የሰማውን በሆነ እያለ ተገላበጠ። እነዚያን ዓመታት የሚሞላ ሥር የትም ተራራ ላይ አይበቅልም።

መንገዱ ሊከፈት ሲል የሊያንሩ ጉንጭ ደም ለበሰ። ደጅ ድረስ ወጥታ መመለስ ጀመረች። ዌይሻን ለጥየቃ ብቅ ያለውን ሃኦሚንን በደስታ «በቅሎዎቹ መቼ ነው ሽቅብ የሚወጡት?» ብሎ ጠየቀው። በማግስቱ እንጨት ይዞ ሲገባ ሊያንሩን ምድጃው ዘንድ ተቀምጣ አገኛት። ሳህኑ በእጇ ነው፤ መረቁን አመዱ ላይ እያፈሰሰችው ነበር።

እንጨቱ ከእጁ ወደቀ።

«መንገዱን ስትጠይቅ ሰማሁህ» አለች ቀና ሳትል። «ጉንጭሽ ቀላ አልከኝ፤ ወዲያው በቅሎ ጠየቅህ።»

ዌይሻን እንደ በፊቱ አልተቆጣም። አጠገቧ ቁጢጥ አለና ሳህኑን ከእጇ ወሰደ።

«ያን ቀን ያልሁሽን ሳይሆን ያላልሁሽን ልንገርሽ» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «ያለ አንቺ እንዴት እንደምኖር አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም። ይህን ማለት አፍሬ አባረርሁሽ።»

ሊያንሩ ያኔ አለቀሰች። ታማ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰችው።

«እሄዳለሁ» አለ ሲረጋጉ፤ «ማሳ አለኝ። በመኸር ግን እመጣለሁ። ብታመሚም እመጣለሁ፤ ባትታመሚም እመጣለሁ። አንቺም ጉልበት ስታገኚ ነይ። ደጁ የአንቺ ነው።»

ከማሰሮው የቀረውን መረቅ ቀድቶ ሰጣት። ጠጣችው። ሳህኑን ገልብጣ አሳየችው።

ዌይሻን ተራራው ላይ ሲደርስ ማሳውን አላወቀውም። ሳይቆፈር የከረመው ተክል ቁመቱን መዝዞ አብቧል፤ ትንንሽ ነጭ አበቦች ከጫፍ እስከ ጫፍ መሬቱን ሸፍነውታል። ዳንግጉዊ ካበበ ሥሩ እንጨት ይሆናል፤ ለመድኃኒት አይረባም። ዕድሜውን ሙሉ ሁልጊዜ በጊዜው እየቆፈረ ማሳው ሙሉ ለሙሉ አብቦ አይቶት አያውቅም። የዓመት ልፋቱ መሃል ቆሞ ብዙ ተመለከተው። ከዚያ ለሚቀጥለው የሚሆነውን ዘር ለመልቀም ከረጢት ሊያመጣ ሄደ።

መኸር ሲገባ ሃኦሚን መጣ።

«ዘንድሮ ለልጅህ ምን ልውሰድላት?» አለው።

«ምንም። ራሴ ነኝ የምሄደው።»

ሃኦሚን ደነገጠ። «ምነው፣ ታመመች እንዴ?»

«ደህና ናት። ከፒንግ ጋር ወንዝ ዳር ስትሄድ አየኋት ብለህ የነገርከኝ አንተው ራስህ አይደለህም?»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«ደህና ናት አልሁህ እኮ» አለ ዌይሻን፣ እየሳቀ በቅሎዋ ላይ ወጣ።

ወዳጆቼ፣ ይህ ታሪክ ስለ አንድ ሥር የተነገረ ቢመስልም ስለ እኛ ነው። ሥሩ ያለበትን ኃይል አልተወም፤ የባዕዷን ሴት አቁሟታል፣ ሲጠጣ ሊያንሩንም አቁሟታል። ሳይጠጣ የቀረው፣ ሰው ራሱ ሊመጣ በሚገባው ቦታ ተተክቶ ስለተላከ ነው። እኛም የሰው ሕመም ስንሰማ እንሮጣለን፤ ይህ መልካም ነው። ደህና ሲሆን ግን ዞር ብለን አናየውም፤ የሚወደን ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ የምንፈልገው ሲታመም ብቻ እንደሆነ ይማራል። ኩራት አፋችንን ዘግቶ በቃል ፈንታ ዕቃ ያስልከናል። ዕቃው ይደርሳል፤ ናፍቆቱ ግን ባለበት ይቆያል፤ ያለፈው ዓመትም ተመልሶ አይመጣም። እርስዎስ? ከሚወዷቸው ሰዎች መካከል አንድም ቦታ ሳያመው፣ አንድም ነገር ሳይጎድልበት፣ እንዲያው ደህና ስለሆነ ብቻ በቅርቡ ሄደው የጠየቁት ማን ነው?